ፈቃድ የሌለው ድምፅ

እንግሊዞች ያለ መንግሥት ፈቃድ የሚሰራጨውን ራዲዮ «የባሕር ወንበዴ» ይሉታል። ስያሜው ምሳሌያዊ ብቻ አይደለም፤ ጣቢያዎቹ በእርግጥም ባሕር ላይ ነበሩና። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1964 ሮናን ኦራሂሊ የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት አንዲት አሮጌ የዴንማርክ የመንገደኞች መርከብ ገዝቶ፣ ግንድ የሚያህል አንቴና ተክሎባት፣ ከእንግሊዝ የባሕር ክልል ጥቂት ወጣ ብሎ መልሕቁን ጣለና «ራዲዮ ካሮላይን» ብሎ ማሰራጨት ጀመረ። የብስ ላይ ቢቢሲ ብቻውን ነግሦ ነበር፤ ወጣቱ የሚወደውን ዘፈን ደግሞ በመስፈሪያ እየቆነጠረ ነበር የሚሰጠው። መርከቢቱ ግን ቀኑን ሙሉ ትዘፍን ነበር። መንግሥት መርከቢቱን መያዝ ባይችል፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1967 ስንቅም ሆነ ማስታወቂያ የሚያቀብላትን ሁሉ ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ ካሮላይን ስትጠፋ ስትገኝ፣ ስትሰጥም ስትነሣ ኖራ፣ ዛሬ በሕጋዊ ፈቃድ የምትሰራ የተከበረች ባልቴት ሆናለች።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ቆም ያደረገኝ መርከቡም ዘፈኑም አልነበረም፤ «ወንበዴ» የሚለው ቃል ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚጠራ አይደለም። በደርግ ዘመን የመንግሥት ራዲዮ ቃሉን እንደ ማዕረግ ከስም በፊት ያስቀምጠው ነበር፦ «ወንበዴው ሻዕቢያ»፣ «ወንበዴው ወያኔ»። እነዚህ «ወንበዴዎች» ደግሞ ራዲዮ ነበራቸው። እንግዲህ እንግሊዞቹ በጨዋታ የተጠቀሙበት ስም በእኛ አገር ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ወንበዴ ራዲዮ ባሕር ላይ ተንሳፈፈ፣ የእኛው በድንጋይ መካከል ተደበቀ፤ የእነርሱ ዘፈን አሰማ፣ የእኛው ጦርነት።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይበጃል። በኢትዮጵያ ራዲዮ የተወለደው ከጦርነት ጋር ነው። የአቃቂው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጣሊያን ጦር ደንበር ላይ በተከማቸበት ዓመት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግርም መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንን በራዲዮ መግለጫ እንዲያነቡ አድርገዋል። ጥቂት ቀናት ብቻ የቆየው ያ ሙከራ ለገዥም ለተገዥም አንድ ትምህርት ትቶ አለፈ፦ ማይክሮፎኑን የያዘ ለጊዜው አገር የያዘ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የሚመጣ ወታደር መጀመሪያ የሚያስጠብቀው ቤተ መንግሥቱንና ራዲዮ ጣቢያውን ሆነ።

በመካከሉ አንድ እንግዳ ነገር ነበር። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ የሚሰማ ኃይለኛ ጣቢያ ነበር። ፈቃድ ነበረው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት። ፈቃዱ ግን ከመጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. አላዳነውም። ወታደራዊው መንግሥት በዚያ ቀን ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በአንድ ጀምበር ያው ማሰራጫ፣ ያው አንቴና፣ ሌላ ቃል ይናገር ጀመር። መሣሪያ ሃይማኖት እንደሌለው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

በአገር ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ ጆሮ ወደ ውጭ አዘነበለ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። እነዚህ በየአገራቸው ሕጋዊ ነበሩ። ሽምቅ የሚባሉት ሌሎች ናቸው፦ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከኤርትራ ሳህል ተራሮች የሚሰማው የሻዕቢያ «ድምፂ ሓፋሽ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ የሕወሓት «ድምፂ ወያነ»። ሁለቱም በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ይናገሩ ነበር፤ ሊያሸንፉት የሚፈልጉት ጦር ወታደርም፣ የወታደሩም እናት የምትኖረው በዚያ ቋንቋ ዙሪያ ነበርና።

ዲላ ከዚህ ሁሉ ምን አላት? ከሳህል እስከ ዲላ በአሞራ በረራ እንኳ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተማችን በአዲስ አበባ ሞያሌ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረች የጌዴኦ አውራጃ መዲና፤ በእንሰትና በቡና የተከበበች፣ ከባሕርም ከጦር ግንባርም የራቀች። ነገር ግን አጭር ሞገድ የሚባለው ነገር ጠባዩ ልዩ ነው። ማዕበሉ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከላይ ካለው የአየር ንብርብር ተንጸባርቆ ሩቅ ቦታ ላይ ይወርዳል። ለዚህ ነው የጣቢያው ጎረቤት የሆነ መንደር ምንም ሳይሰማ፣ አገር አቋርጦ ያለው ሰው ጥርት አድርጎ የሚሰማው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ዝቅተኞቹ ሞገዶች ይከፈታሉ። ሌሊቱ የሽምቅ ራዲዮ ባሕር ነው ብል አላጋነንሁም።

ራዲዮውም በዲላ ብርቅ አልነበረም፤ ይህን የማውቀው ከሽማግሌዎች ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ እሸት ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ገበሬው ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለሚስቱ ነጠላ፣ ከተረፈው ደግሞ ትራንዚስተር ይገዛ ነበር። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ ለጥቂት ምሽት ያነቃቁት እንደነበር ሁሉም በየራሱ ይነግረኛል፤ ይጥቀም አይጥቀም እንጃ፣ ሁሉም ግን ይጠቅማል ብለው ይምላሉ። አንቴናው ሲሰበር ቀጭን ሽቦ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ራሱ ጆሮ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ጡረታቸውን ሊወስዱ ወደምሰራበት ባንክ በመጡ ቁጥር ጥቂት ያጫውቱኛል። በ1980 ዓ.ም. እርሳቸው ገና ጀማሪ መምህር ሳሉ የተከራዩት ቤት ባለቤት ባሏ የሞተባት የጌዴኦ እናት ነበረች። አንድ ልጇ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። በዚያ ዓመት መጋቢት አፍአበት ወደቀች፤ የናደው ዕዝ ተሰበረ፤ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፣ ተማረከም። ባዚል ዴቪድሰን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ድሉን ፈረንሳዮች በቬትናም ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ሽንፈት ጋር አመሳስሎታል። ዲላ ላይ ግን ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የተሰማው።

«ማታ ማታ በሩን ትዘጋና ጋቢ በላያችን ትጥላለች» አሉኝ መምህሩ። «ራዲዮኑ በመካከላችን ነው። እርሷ አማርኛውን እምብዛም አትሰማም፤ የምትሰማውም ሲፈጥን ያመልጣታል። ስለዚህ እኔ እየሰማሁ በጌዴኦኛ በጆሮዋ እነግራታለሁ። ስለ ድሉ፣ ስለ ተደመሰሰው ብርጌድ ስጀምር እጄን ትይዘኛለች፤ እርሱን ተወው ማለቷ ነው። ስለ ምርኮኛ ሲነሣ ብቻ ትንፋሿን ትይዛለች።»

አንዳንድ ምሽት ምርኮኛ ወታደር ራሱ ሲናገር ይሰማ ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ እናትየው ትርጉም አትፈልግም፤ ጆሮዋን ራዲዮኑ ላይ ለጥፋ የድምፁን ቃና ብቻ ትመረምራለች፦ የልጄ ነው ወይስ አይደለም። ድምፁ በማዕበል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንዳንዴም መንግሥት ሆን ብሎ በሚለቀው ጩኸት ይዋጣል። ልጇ ኋላ በ1983 ዓ.ም. በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ ተማርኮ አልነበረም፤ ጦሩ ሲበተን በሱዳን በኩል ዞሮ ነበር። ይህችን ሴት ባስታወስሁ ቁጥር የጦርነት ፕሮፓጋንዳ የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን አያለሁ። ያ ጣቢያ የሚናገረው ለሚፈልገው ዓላማ ነው፤ ድሉን ያጋንናል፣ ሽንፈቱን ይሸሽጋል፤ ከመንግሥት ራዲዮ በውሸት የሚተናነስ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። እርሷ ግን ከዚያ ሁሉ የቃል ክምር አንድ እውነት ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ አንድ ስም።

በባሕር ወንበዴዎቹ መካከል ለዚህች እናት የሚቀርብ አንድ ሰው አለ። እስራኤላዊው አቢ ናታን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1993 ከቴል አቪቭ ፊት ለፊት መርከብ አቁሞ «የሰላም ድምፅ» የሚባል ጣቢያ ያሰራጭ ነበር። ጣቢያው «በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከአንድ ቦታ» እያለ ነበር ራሱን የሚያስተዋውቀው። እንዲህ ያለ አድራሻ የሰጠ ሰው ለማንም ወገን አይደለም ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ይኸው ሰው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ ይዞ መጥቶ ድንኳን ተክሎ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ጣቢያውን ዘጋ፤ መርከቢቱንም በገዛ እጁ አሰጠማት። ሰው ሥልጣን ያላስገኘለትን ራዲዮ እንዲህ ነው የሚቀብረው።

የእኛዎቹ ግን አልተቀበሩም፤ ነገሡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ፣ ትናንት በጋቢ ሥር ይሰማ የነበረው ድምፅ በአደባባይ ወጣ። አስመራ ላይ ድምፂ ሓፋሽ የአዲሲቱ አገር የመንግሥት ራዲዮ ሆነ፤ አንድም ተቀናቃኝ ጣቢያ ሳይፈቅድ እስከ ዛሬ አለ። የአዲስ አበባዎቹም ከሃያ ዓመት በኋላ ያውቁት የነበረውን ጩኸት ራሳቸው መልቀቅ ጀመሩ። መጋቢት 9 ቀን 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን ዝግጅት ከተጠናቀቀ ከመፍቀድ እንደማይመለሱ በይፋ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አነጻጸሩት። «ወንበዴ» የሚለው ቃል ያረጀ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ለነግንቦት 7 እና ለኦነግ «አሸባሪ» የሚል አዲስ ቃል አጸደቀ። አሁን ደግሞ ተራው የሌሎች ሆኖ ከውጭ አገር የሚያሰራጩት ራዲዮዎች በጋቢ ሥር ገቡ።

የሚል ኮሊኑ ንጽጽር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ያ ጣቢያ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሜንጫ እንዲያነሣ የቀሰቀሰ መሆኑ እርግጥ ነው። ግን ሽምቅ አልነበረም። በመዲናይቱ በኪጋሊ፣ ከመንግሥት በተሰጠው ፈቃድ፣ ከገዥዎቹ ጋር በወዳጅነት ነበር የሚሰራው። ፈቃድ ያለው ድምፅ ሰው አስጨረሰ፤ ፈቃድ የሌላት የሰላም መርከብ ዘፈን ስታሰማ ኖራ ሰጠመች። ስለዚህ «ፈቃድ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ አንድ ድምፅ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው ባይ ነኝ። ይህን የምለው ለሽምቁ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሲፈናቀል፣ የትምህርት ቤቶችና የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ በሰው ሲሞላ፣ በየኪሱ ካለው ስልክ የሚወጣውን፣ ማንም ፈቃድ ያልሰጠውን ወሬ ሰምቼአለሁ። ከዚያ ወሬ ውስጥም የልጃቸውን ስም የሚፈልጉ እናቶች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ ሥርጭቱም ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን መምህሩ ወደ ባንክ ሲመጡ ከወትሮው ተቆጥተው ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ራዲዮናቸውን ቢከፍቱ ጣቢያው የለም። ድንጋዩን ቀየሩ፤ ሽቦውን ከጣሪያው ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ ከሞገድ ሞገድ እየዘለሉ ፈለጉት።

«እነዚህ ሰዎች ማፈኑን ደግሞ ጀመሩት አይደል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አይ፣ የዘጉት የገዛ ባለቤቶቹ ናቸው አልኋቸው። አላመኑኝም። ብራቸውን ቆጥረው ተቀበሉና፣ ማታውኑ ትንሽ ዝቅ ባለው ሞገድ ላይ እንደሚሞክሩት ነግረውኝ ወጡ።