ሃያ ዓመት የተጠየቀች «የሞኝ ጥያቄ»

የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ ያቺን ሌሊት ያውቃታል። መጠይቁ ተበትኖ ተሰብስቧል፤ መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ማስረከቢያው ከነገ ወዲያ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በቀይ ቀለም አንዲት መስመር ጽፎ «አልሠራም» ብሏል። አማካሪው ስልክ አያነሱም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ዳታ እንተነትናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ዋጋው ግን ከወር የኪስ ገንዘባችን ይበልጣል። ይህን አምድ የምንጽፈው ልጆች ያቺን ሌሊት በየተራ አይተናታል። ከጭንቁ ያወጣን አማካሪም ገንዘብም አልነበረም። ስማችንን ሳያውቅ፣ ሳንቲም ሳይጠይቅ፣ ከሌላ የዓለም ጥግ በኢንተርኔት የመለሰልን ሰው ነው።

ያ ሰው ለምን መለሰልን? «ደግ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ደግነትም ታሪክ አለው። ዛሬ የምናወጋው በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጠራው «አር» ስለተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋና ዙሪያውን ስለከበቡት መላሾች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎረቤት መበደር

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት ይጀምራል። በ1955 አይቢኤም 704 የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ድርጅቶች ሎስ አንጀለስ አካባቢ ተሰባስበው «ሼር» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ብዙዎቹ በአውሮፕላን ሥራ የሚፎካከሩ ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲጽፍ ከሚውል፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ቢዋስ ለሁሉም እንደሚበጅ ገባቸው።

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችም ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ቤት ነው የወጡት። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኤስፒኤስኤስ በ1968 በስታንፎርድ ተወለደ። ሳስ በኖርዝ ካሮላይና ከግብርና ምርምር ተነሥቶ በ1976 ኩባንያ ሆነ። በዚያው ዓመት ቤል ላብስ ውስጥ ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ «ኤስ» የተባለውን ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። ውሎ አድሮ ሁሉም ገበያ ገቡ። ገንዘብ የከፈለ ሲቸገር ኩባንያው ዘንድ ይደውላል፤ ያልከፈለ ደግሞ የሚደውልበት የለውም።

ሁለት መምህራን በኦክላንድ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የሚባሉ ሁለት መምህራን አንድ ችግር ነበረባቸው። ተማሪዎቻቸው የሚለማመዱባቸው ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሆን ጥሩ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አጡ። ስለዚህ «ኤስ»ን የሚመስል የራሳቸውን ሠሩ። የሁለቱም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር «አር» አሉት።

በ1993 ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ይድረስ ብለው ሥራቸውን በኢንተርኔት አስቀመጡ። ጥቂት ሰዎች ወስደው ሞከሩት፤ ያዩትንም ጻፉላቸው። ከእነዚህ አንዱ የዙሪኩ ማርቲን ሜክለር ነበር። ኮዱን ራሱን ነጻ ልቀቁት እያለ ወተወታቸው። በሰኔ 1995 ለቀቁት፤ ማንም ውስጡን አይቶ፣ ቀይሮ፣ ለሌላው ማካፈል እንዲችል ተፈቀደ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጎርፍ ነው። «እዚህ ጋ ተበላሽቷል»፣ «ይህን እንዴት ላድርግ» የሚል ኢሜይል ለሁለት ሰው ከሚችሉት በላይ ሆነ። በ1997 የደብዳቤው መንገድ ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ለማስታወቂያ፣ አንዱ ለሠሪዎች፣ አንዱ ለእርዳታ። በዚያው ዓመት ቪየና ላይ ኩርት ሆርኒክና ፍሪትዝ ላይሽ «ክራን» የተባለውን መጋዘን ከፈቱ። ሲከፈት 12 ፓኬጆች ነበሩት፤ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ አሉት። የካቲት 29 ቀን 2000 አር ቁጥር 1.0.0 ወጣ። የ«ኤስ» አባት ቻምበርስም በኋላ ከአር ሠሪዎች ጋር ተቀላቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አር ሲከፈት ከሚታዩት መስመሮች አንዱ «ዋስትና የለውም» ይላል። ቢሳሳት የሚከሰስ ኩባንያ የለም። ስለዚህ የሰዎች እርዳታ የቸርነት ጭማሪ ሳይሆን ያለው ዋስትና እሱው ነበር። ደግሞም ጠያቂውና ሠሪው አንድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ስለ አንድ ትእዛዝ ስትጠይቅ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ራሱ ሊመልስልህ ይችላል።

ቁጣና ጥበብ

ታዲያ ሁሉም ማር አልነበረም። መላሾቹ የራሳቸው ማስተማርና ምርምር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ዓይነት ጥያቄ በየሳምንቱ ሲመጣ ይሰለቻሉ። «መመሪያውን አንብብ» የሚል አጭር መልስ፣ አንዳንዴም ስድብ የሚመስል ሽሙጥ ይመጣ ነበር። የአጠያየቅ መመሪያም ተጻፈ፦ መጀመሪያ ፈልግ፤ የትኛውን እትም እንደምትጠቀም ተናገር፤ ስህተቱ መላሹ ኮምፒውተር ላይም እንዲታይ የሚያደርግ አጭር ምሳሌ አምጣ።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ «አልሠራልኝም» ብቻ ያለ ሰው ማንም አይረዳውም። እኛም ጥያቄያችንን ስናሳጥር ስናሳጥር፣ ሳንልከው መልሱ ራሱ ብቅ ያለበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን በቁጣው አፍሮ ዳግም ሳይጠይቅ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ያቺ ጥያቄ

አሁን ወደ ርእሳችን። «ዕድሜ» የሚል አምድ አለን እንበል፤ 18፣ 25፣ 40 ተጽፎበታል። አንዱ መላሽ ዕድሜዬን አልናገርም ስላለ፣ መረጃ ያስገባው ልጅ በሣጥኑ ውስጥ «አልተመለሰም» ብሎ ጻፈ። የድሮው አር ያቺን አንዲት ቃል ሲያይ አምዱን በሙሉ ጽሑፍ ነው ይላል። ጽሑፉን ደግሞ ሳይጠየቅ ወደ ምድብ ይለውጠዋል፤ ለየምድቡም በስውር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፦ ለ18 አንድ፣ ለ25 ሁለት፣ ለ40 ሦስት። «ወደ ቁጥር መልስልኝ» ስንለው የሚመልሰው ተራ ቁጥሩን ነው። የሦስት አዋቂ ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከሦስት ዓመት በታች ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀይ ጽሑፍ የለም፤ ማስጠንቀቂያም የለም።

ዕድሜ ሲሆን ያስቃል። የወር ገቢ ወይም የመድኃኒት መጠን ቢሆንስ? ማን ያየዋል?

ነገሩ ከ«ኤስ» የተወረሰ ነው። በዚያ ዘመን ጽሑፍ ማለት ባብዛኛው «ወንድ»፣ «ሴት» ዓይነት ምድብ ነበር፤ ማስታወሻም ይቆጥባል። ጀማሪዎች ይህንን ጥያቄ ደጋግመው ጠየቁ። መልሱ በተደጋጋሚ ጥያቄዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ «ሄደህ አንብብ» ተባሉ። እነሱም እያነበቡ፣ ሌሎች ጀማሪዎች እየመጡ፣ እንደገና ጠየቁ። በመጨረሻ ሚያዝያ 24 ቀን 2020 አር 4.0.0 ወጣ፤ ጽሑፍም ጽሑፍ ሆኖ እንዲቆይ ተደረገ። ሠሪዎቹ ካቀረቡት ምክንያት አንዱ የምድቦቹ ቅደም ተከተል እንደየኮምፒውተሩ የቋንቋ ምርጫ ሊለያይ መቻሉ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ ከ1.0.0 ጀምሮ 20 ዓመት «የሞኝ» የተባለው ጥያቄ ሞኝ አልነበረም። ጀማሪው የታመመውን ቦታ ነበር የነካው።

ከሰው ወደ ማሽን

በ2008 ስታክ ኦቨርፍሎው ተከፈተ። በ2009 የአር ሰዎች ሰዓት ተቀጣጥረው በአንድ ጊዜ ጥያቄና መልስ አፈሰሱበት። በ2012 ጋብሪዬላ ደ ኬይሮዝ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሴቶች «አር ሌዲስ»ን መሠረተች። በ2018 ስታክ ኦቨርፍሎው ራሱ ለጀማሪዎችና ለሴቶች የማይመች ቤት መሆኑን በይፋ አመነ። በኅዳር 2022 ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ፤ እዚያ የሚጠየቀው አዲስ ጥያቄም እጅግ ቀነሰ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እኛም ማሽኑን እንጠይቃለን። አይቆጣም፤ በሌሊትም ይመልሳል። ግን በጓዳ የተጠየቀ ጥያቄን ሌላ ተቸጋሪ አያገኘውም፤ ሠሪውም አይሰማውም። ያቺ የዕድሜ ጥያቄ 20 ዓመት በየጓዳው ብቻ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ ቋንቋው መታመሙን ማን ያውቅ ነበር? ማሽኑስ ቢሆን የሚመልሰውን የተማረው ከማን ሆነና? ሌሎች በአደባባይ ጠይቀው፣ ሌሎች በአደባባይ ከመለሱት አይደለም?

ከመካከላችን አንዱ የመጀመሪያ ጥያቄውን ለመላክ ሦስት ቀን ፈርቷል። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ባለፈው ወር ያው ልጅ ለማያውቀው ጀማሪ ሲመልስ አየነው፤ እሱም ሁለት መስመር ነው የጻፈው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አባቶቻችን። ጠያቂውን ብቻ አይደለም።