«ድሮ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጓሜና ታሪክ

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ረጃጅሞቹንና ከባዶቹን ቃላት ለማጥናት ነው። ተርጓሚን የሚያሰናክሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕፃን ሁሉ የሚናገራቸው አጫጭር ግሦች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ ከእንግሊዝ ታሪክ አንድ ገጽ ተርጕሞ ሲያመጣልኝ፣ መስፍኑ በጠላቱ ፊት ቆሞ «ሰይፉን ሳለ» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። አማርኛው ነውር የለበትም፤ የጦር ሰው ሰይፉን ቢስል ማን ይደነቃል? ዋናውን ጽሑፍ ስመለከት ግን መስፍኑ ሰይፉን ከሰገባው መዘዘ እንጂ አልሳለም። ተማሪው በመዝገበ ቃላት ያገኘው የመጀመሪያ ፍች በንጉሡ ሠ የሚጻፈው የሥዕሉ «ሣለ» ነበረ። እርሱም በእጅ ጽሑፉ በእሳቱ ሰ ስለ ተጻፈ የሞረድ «ሳለ» ሆኖ ተነበበ። እንዲህ ስሕተት በስሕተት ላይ ተደርቦ እውነት የሚመስል ታሪክ ወለደ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይህ ነው።

የተባለው ግሥ በፊደላችን ሲጻፍ «ድሮ» ይሆናል። የጥንቱን ጊዜ ከምንጠራበት ከእኛው «ድሮ» ጋር መልኩ ቢመሳሰልም አንዳች ዝምድና የለውም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አነጋገሩ «ድራጋን» ነበረ፤ ትርጓሜውም መጐተት፣ መሳብ ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረው «ገ» በዘመናት ብዛት ላልቶ ወደ «ወ» ድምፅ ተለወጠ። በዚሁ ሕግ ቀስት የሚባለው «ቦጋ» ወደ «ቦው»፣ ወፍ የሚባለው «ፉጎል» ወደ «ፋውል» ተለውጠዋል። የጀርመኖች «ትራገን» የዚሁ ግሥ ወንድም ሲሆን ዛሬ መሸከም ማለት ነው። ስለዚህ የግሡ መሠረት አንድ የእጅ ሥራ ነው፤ ይኸውም አንድን ነገር ይዞ ወደ ራስ ማምጣት ነው።

እንግሊዛዊ ውኃ ከጕድጓድ ሲያወጣ፣ ሰይፍ ሲመዝ፣ ቀስት ሲገትር፣ መጋረጃ ሲስብ፣ ፈረስም ጋሪ ሲጐትት በዚሁ በአንዱ ግሥ ይነገራል። መጋረጃውንማ ሲከፍተውም ሲዘጋውም ግሡ አንድ ነው፤ የሚታየው የእጁ ስበት እንጂ የተገኘው ውጤት አይደለምና። ይህን ከቋንቋችን ጋር ለማነጻጸር የዮሐንስ ወንጌል በቂ ምስክር ነው። በ1611 በእንግሊዝ አገር የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በምዕራፍ 4 ስለ ሳምራዊቷ ውኃ፣ በምዕራፍ 6 አብ ሰውን ስለ መሳቡ፣ በምዕራፍ 18 ስለ ጴጥሮስ ሰይፍ፣ በምዕራፍ 21 ስለ ዓሣው መረብ ሲናገር በአራቱም ስፍራ የሚጠቀመው በዚህ ግሥ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በአራቱ ስፍራ አራት ግሥ አለው፤ ቀዳ፣ ሳበ፣ መዘዘ፣ ጐተተ። የግሪኩ ምንጭ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ለውኃው ለብቻው ግሥ ሲኖረው፣ ሰውን፣ ሰይፍንና በቁጥር 11 መረብን የሚስበው አንድ ግሥ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዝኛ ድኻ ነው፣ አማርኛ ባለጸጋ ነው ማለት ከንቱ ውዳሴ ይሆናል። እንግሊዝኛው የእጁን እንቅስቃሴ ሲከተል፣ አማርኛው የሚሳበውን ነገርና የአሳሳቡን ዐይነት ይለያል። ከግዕዙ «ሰሐበ» የወጣው የእኛም «ሳበ» ቢሆን በበኩሉ ሰፊ ነው፤ የጠረጴዛን ኪስ «መሳቢያ» ስንል እንግሊዞችም ከዚሁ ግሣቸው ባወጡት ስም ይጠሩታል። ሁለት ሕዝብ በየራሱ መንገድ ሄዶ በአንድ የቤት ዕቃ ላይ ተገናኘ ማለት ነው።

ሥዕል መሣልስ ከመጐተት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሠዓሊው ብዕሩን በብራናው ላይ ይጐትታል፤ በስተኋላው የሚቀረው መስመር ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው የሰውን መልክ የመሣል ግሥም መሠረቱ መጐተት የሚል የላቲን ቃል ነው። ስለዚህ በዛሬው መዝገበ ቃላት ቀድሞ የሚገኘው የሥዕል ፍች በልደቱ ታናሽ እንጂ በኵር አይደለም።

ከግሡ የወጡት ስሞችም የየዘመኑን ኑሮ ይመሰክራሉ። በ1598 በታተመው በሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ክፍል አንድ ውስጥ ያለው ፍራንሲስ የሚባለው የመጠጥ ቤት አሽከር ማዕረጉ ከዚህ ግሥ የወጣ ነው። ተርጓሚ «ሠዓሊ» ቢለው ያስቃል፤ ትክክለኛው «ቀጂ» ነው። እንደዚሁም የእንግሊዞች የእንግዳ መቀበያ ክፍል ስም ሥዕል የሚሣልበት ክፍል ማለት ሳይሆን፣ ከማዕድ በኋላ ገለል የሚባልበት ማለት ነው። በአዲስ አበባ «ድራፍት» የምንለው ቢራ ከበርሜል የተቀዳ ማለት ሲሆን፣ በጽሕፈት ቤት «ድራፍት» የሚባለው ረቂቅና ባንክ የሚከፍለው «ድራፍት» የተባለው ሰነድም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ነገሩ ከቋንቋ ወደ ታሪክ የሚሻገረው ግን በፍርድ መዝገብ ላይ ነው። የስኮትላንዱ ዊልያም ዋላስ ነሐሴ 23 ቀን 1305 በአውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ተገደለ። በንጉሥ ላይ ከዳ የተባለ ሰው የሚቀበለው ይህ ቅጣት በእንግሊዝኛ በሦስት ግሦች ይነገራል፤ መስቀል፣ «ድሮ»፣ አራት መቍረጥ። ብዙ አንባቢ መካከለኛውን ግሥ ሆድ ዕቃ ማውጣት ብሎ ይረዳዋል፤ የዶሮን ሆድ ዕቃ ማውጣትም በዚሁ ግሥ ይነገራልና። የዋላስ ፍርድ የተጻፈበት የላቲን ቃል ግን መጐተት ነው፤ ከዌስትሚኒስተር አንሥቶ በከተማው መንገድ በፈረስ ተጐትቶ ወደ ስሚዝፊልድ ተወሰደ። በኋላ ዘመን ተፈራጁን በእንጨት ርብራብ ላይ አስረው ይጐትቱት ነበር፤ ምክንያቱም ለመሰቀል በሕይወት እንዲደርስ ነው። በዋላስ ላይ ሆድ ዕቃ ማውጣቱም አልቀረም፤ ነገር ግን መጐተቱ ራሱን የቻለ ቅጣት ነበረ፤ ክብር የነበረውን ሰው በሕዝብ ፊት በአፈር ላይ ማዋረድ። ግሡ ከመስቀል በፊት ሲጻፍ መጐተትን ያመለክታል፤ ኋላ ሲጻፍ ግን ሊቃውንቱን አከራክሯል። ቅጣቱ ከሕግ የተሰረዘው በ1870 ነው። ግሡን ያሳተ ተርጓሚ እንግዲህ አንዱን ቅጣት ከታሪክ ይሰርዛል፣ ወይም ሌላውን ሁለት ጊዜ ይፈጽማል።

በኦክስፎርድ ታላቁን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ጄምስ መሪ፣ የዲ ፊደልን ክፍል በ1897 በተፈጸመው ሦስተኛ ቅጽ ሲያወጣ፣ ትርጓሜዎችን በልደታቸው ተራ አሰልፎ እያንዳንዱን ከየዘመኑ መጻሕፍት በጥቅስ አስመሰከረ። ተማሪዎቻችን የኪስ መዝገበ ቃላትን የመጀመሪያ መስመር ብቻ ከሚያነቡ፣ ግሡ በዚያ ዘመንና በዚያ ስፍራ በእጅ ምን ይሠራበት እንደ ነበረ ቢጠይቁ ይጠቀማሉ። የአማርኛ ግሦችም እንዲህ በልደታቸው ተራ ቢሰበሰቡ፣ «ቀዳ»፣ «መዘዘ» እና «ገተረ» ስለ አባቶቻችን የእጅ ሥራ ብዙ ይነግሩናል። ጽሑፍ መገልበጥንም «መቅዳት» ማለታችን፣ ቃል ከብራና ወደ ብራና እንደ ውኃ ሲፈስ ማየታችንን ያሳያልና።