ማታ ማታ እግርን ማየት

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ስንናገረው ሥጋ ደዌን ከነጭራሹ አናስብም፤ አጥር የገፋ ጎረቤት ወይም ልኩን ያላወቀ ሰው ሲያጋጥመን ብቻ እንወረውረዋለን። ተረቱ ሲፈጠር ግን የሚያወራው ስለ ገበታ ነበር። ማን አብሮ ይቆርሳል፣ ማን ደጅ ይቀመጣል ነው ጉዳዩ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስለ እጅ ብቻ መናገሩ ነው፤ እግር የለበትም። በኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያለው የሥጋ ደዌ ታሪክ ግን፣ በተለይ ሰዎቹ ራሳቸው የሠሩት ክፍሉ፣ በአብዛኛው የእግር ታሪክ ነው።

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስንወርድ የታክሲ ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» የሚልበት ቦታ አለ። ስሙ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ በወጣትነቷ የተቀጨችው። በስሟ የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1934 የተቋቋመው ቶማስ ላምቢ በሚባል አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም አማካይነት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው)። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1965 እዚያው ግቢ ውስጥ አለርት ተመሠረተ። ሥራው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ባለሙያዎችን ማሠልጠንና ታማሚዎችን መልሶ ማቋቋም ነበር። በ1970 ደግሞ የምርምር ተቋሙ ተጨመረ፤ በ1873 በርገን፣ ኖርዌይ ውስጥ የበሽታውን ባክቴሪያ ባገኘው በአርማወር ሐንሰን ስም።

ሕንፃውን ተቋማት ሠሩት፤ ሰፈሩን የሠሩት ግን ታማሚዎቹ ናቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ በእግርም በጭነት መኪናም መጡ፣ ታከሙ፣ ከዚያ የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም። ርስቱን ወንድም ይዞታል፣ ሚስት ሌላ አግብታለች፣ ወይም ደግሞ ማንም ሳያባርራቸው እነሱው መመለሱን ፈሩ። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ልጆቻቸው ጤነኞች ነበሩ፤ የሰፈሩ ስም ግን ተከተላቸው። ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ ወይም ሽማግሌ ሲልኩ «ቤታችሁ የት ነው?» ሲባሉ «አየር ጤና አካባቢ» ማለት የሚቀናቸው ስንቶች ናቸው! አንድ ፌርማታ አልፎ መውረድ የማንነት ጉዳይ ሲሆን ይታያችሁ። ብዙዎቹ የኖሩት ቆሼን ተጠግተው ነው። መጋቢት 2009 (ይኼኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ከ110 በላይ ሰው የቀበረው የቆሻሻ ክምር ማለት ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ወይ? አልነበረም፣ ቢያንስ በሁሉም ቦታ አልነበረም። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ካስገረሙት ነገሮች አንዱ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ከሰው ተነጥለው አለመኖራቸው ነበር። ሰዎች ለነፍሳቸው ብለው ታማሚዎቹን እንደሚያጥቧቸውና ቁስላቸውን እንደሚንከባከቡ ጽፏል። እሱ በመጣበት አውሮፓ ለእንዲህ ያለ ሰው የተለየ ቤት ከከተማ ውጭ ይሠራለት ነበር። እርግጥ የእኛንም ማሳመር አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሞላው በማን እንደነበር እናውቃለን። ንጋት ላይ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበላዎችን አስቡ፤ ሳያዜሙ ከቀሩ ሥጋ ደዌ ይወርድብናል የሚል እምነት ነው ከእንቅልፋቸው የሚቀሰቅሳቸው ይባላል። በሽታው የዘር ዕዳ፣ የእርግማን ቅጣት ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። ግን ዕዳ ነው ተብሎም ቢሆን የታማሚውን እግር የሚያጥብ ሰው ነበረ። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ፤ ብዙ ሰው ዛሬም የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ ቆዳን፣ አፍንጫን፣ ከቆዳ ሥር ያሉትን የእጅና የእግር ነርቮች። ነርቩ ሲጎዳ ስሜቱ ይሞታል። የማይሰማ እግር ምስማር ይረግጣል፣ ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ይውላል፣ ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ እየተራመደ ቤቱ ይገባል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ከዓመታት በኋላ እግሩ ያጥራል። አካልን የሚበላው እንግዲህ አለመታመሙ ነው።

ይህን አጥርቶ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሕንድ ውስጥ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የታማሚዎቹ ጣቶች በሌሊት ሲጎድሉ ግራ ይገባዋል፤ ማታ ያለ ጣት ጠዋት የለም። ቆይቶ ሲጣራ አይጥ ነበር። ሰውየው ተኝቷል፣ አይጥ ይበላዋል፣ አይነቃም። መፍትሔውም ለታማሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ድመት መስጠት ሆነ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ።

መድኃኒቱስ? ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዳፕሶን ነበረ፤ ዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ። ባክቴሪያው ሲለምደው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መከረ፤ ኢትዮጵያ በ1983 ጀመረች። ዛሬ ሕክምናው 6 ወይም 12 ወር ነው፣ በነፃ ነው፣ ታማሚውም መውሰድ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ለሌላ ማስተላለፍ ያቆማል። ትልቅ ድል ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የሞተ ነርቭን ክኒን አያስነሣም። ሰውየው ካርዱ ላይ «ሕክምና ጨርሷል» ተብሎ ይጻፍለትና ከስሙ ዝርዝር ይወጣል፤ እግሩ ግን አሁንም አይሰማም። ቁጥር ለሚቆጥረው ድኗል። ለእሱ ደግሞ እንደ ትናንቱ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ቁስሉን ያሳጥባል፣ ጎዝና ፋሻ ይቀበላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆስላል።

በ1995 የአለርት የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ፕሮግራም ራስን የመንከባከቢያ ቡድኖችን ማቋቋም የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር መነሻው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። የፋሻው ወጪ እየናረ ሄዶ ነበር፣ የሚጠብቀው ሰው እየበዛ ነበር፣ ይህ ሁሉ ወጥቶም የሰዎቹ እግር እየባሰበት ነበር። «ራስህን ተንከባከብ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጀት ሲያልቅ ነው፤ እኔ በግሌ ይህን ቃል ከመካሪ አፍ ስሰማ ኪሴን ነው የምዳስሰው። የዚህኛው ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። በ1999 ቡድኖቹ 72 ደርሰው ነበር።

የሚሠሩት ነገር ለማንም የሚገባ ነው። እግርን ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። ለምን ቀዝቃዛ? የማይሰማ እግር ፍል ውኃን አያውቅማ። የደረቀውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ እያሉ መፈግፈግ። እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት፤ ላብ የሚያወጣው ነርቭ ስለሞተ ቆዳው በራሱ አይለሰልስም፣ ካልለሰለሰ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከዚያ ዋናው፦ ማየት። ተረከዙን፣ በጣቶች መሐል፣ ከሥር። የቀላ አለ? ያበጠ አለ? ከሌላው ቦታ ይሞቃል? ቁስል ከተገኘ ማረፍ፣ አለመርገጥ። ለዓይን ደግሞ ሆን ብሎ ማርገብገብ፣ ሲተኙ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን። ወጥ ቤት ውስጥ ድስት በጨርቅ መያዝ፣ ጀበናን በባዶ እጅ አለመንካት። እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ይህን ለመልመድ ምን ያህል እንደሚከብዳት አስቡት፤ እጇ እኮ ዓይኗን ሳይጠብቅ የሚሠራ ነው።

ይህ ሁሉ በየቀኑ ነው። በዓል የለውም። የሚሰማ እግር ያለን ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ ሳናውቀው ክብደታችንን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንደምናዞር፣ ጠጠር ሲቆረቁረን ቆም ብለን ጫማችንን እንደምናራግፍ አናስተውልም። እነሱ ሕመም በነፃ የሚሠራላቸውን ሥራ በዓይንና በልማድ ነው የተኩት። በሕክምና መጻሕፍት «ራስን መንከባከብ» በሚሉት ሁለት ቃላት ያልፋል፤ እኔ ከማውቃቸው የሥነ ሥርዓት ዓይነቶች ግን ከገዳም ሕይወት በቀር የሚስተካከለው አላገኘሁም።

ግን ለምን በቡድን? እግር ለማየት ሰው መሰብሰብ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሥጋ ወደ ነፍስ የሚሻገረው። በ2002 በዚያው በዘነበወርቅ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሥጋ ደዌ ታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። በሌላ የቆዳ ሕመም ከመጡት ውስጥ ግን ከ10 አንድ እንኳ አልሞሉም። ልዩነቱን ያመጣው ቆዳው ብቻ አይደለም። ሰው የሚጸየፈውን እግር ባለቤቱም ይጸየፈዋል። ብራንድም ይህን አስተውሎ ነበር፤ ስሜት ያጣውን እጅ ታማሚው እንደ ራሱ ሳይሆን እንደ ተሸከመው ዕቃ ይቆጥረዋል። የራሱ ያልሆነውን ነገር ማን ማታ ማታ ያያል? ካልሲው እንደተደረገ ይተኛል።

ቡድኑ ይህን ሰበረ። አንዱ ጫማውን ሲያወልቅ ሌላውም ያወልቃል። «ያቺ ቁስል ጠጋች እኮ!» የሚል ሰው አለ። «ይኼን ሳምንት አልዘፈዘፍክም፣ ተረከዝህ ያሳብቃል» የሚልም አለ፤ በሳቅ መሐል። በኋላ ቡድኖቹ ሲጠየቁ ቁስል መቀነሱን ብቻ አይደለም ያወሩት። ክብራችን ተመለሰ፣ ሰው መሐል ለመቀመጥ ደፈርን፣ የሰው ነን አልን ነው ያሉት። ሽታ የሌለው እግር ለቅሶ ቤት ይዞ መግባት ይቻላል። ለቅሶ ቤት መግባት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አላስረዳም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የራሴ ሐሳብ ነው። ይህ ትምህርት ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ቋንቋ ይነገር እንጂ ያረፈው በሚያውቀው ቤት ላይ ይመስለኛል። እግር ማጠብ እኛ ጋ አዲስ አይደለም። የእንግዳ እግር ማታ በሞቀ ውኃ ይታጠብ ነበር፤ ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመናን እግር ያጥባል፤ የኮልፌ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጃቸው እስከ ተረከዛቸው ይወርዳል። በየቀኑ እግርህን ንካ የሚል ሃይማኖት ላለው ሰው በየቀኑ እግርህን እይ ማለት ብዙ አይርቅም። አልቫሬዝ ያያቸው አጣቢዎች ጤነኞች ነበሩ፣ ለጽድቅ ነው የሚያጥቡት። በ1995 ግን የታጣቢውና የአጣቢው ቦታ አንድ ሆነ።

ነገሩ እዚያ ሰፈር ብቻ አልቀረም። ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካርቪል ሲሄድ ከሥጋ ደዌ የተማረውን ይዞ የስኳር ሕሙማንን እግር ወደ ማዳን ዞረ። ስኳርም ነርቭ ይገድላል፤ እግር የሚያስቆርጠውም በዚያው መንገድ ነው። አክስቴ ስኳሯ ከታወቀ ብዙ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ሸኝቻት ሄጄ ነርሷ «እማማ፣ ማታ ማታ እግርዎን ያያሉ?» ብላ ጠየቀቻት። «ምኑን ነው የማየው ልጄ? እግር ነው» አለቻት። ነርሷ ወረቀት አውጥታ በጣቷ እያሳየች ነገረቻት፦ በጣቶች መሐል፣ ተረከዝ፣ ከሥር፤ ጎንበስ ማለት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ፤ ውኃውን በእግርዎ አይለኩ፣ በክርንዎ ይለኩ፤ ባዶ እግርዎን አይሂዱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። አጠገቧ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል አውቀው ነበር። ሳነበው የከረምኩት የዘነበወርቅ ትምህርት ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። አክስቴ እድሜዋን ሙሉ ያንን ፌርማታ በታክሲ መስኮት ስታልፍ የምታማትብ ሰው ናት።

ስለ ጫማውም ማውራት አለብኝ። ስሜት ያጣ እግር ለስላሳ ወለል ያለው ጫማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለታማሚዎቹ በልዩ ስፖንጅ፣ በእግራቸው ቅርጽ ተለክቶ ይሠራላቸው ነበር። ለእግር ጥሩ ነው። ችግሩ ከሩቅ ይታወቃል፤ ያንን ጫማ ያደረገ ሰው ገበያ ሲገባ ሁሉም ምን እንደሆነ ያውቃል። ብዙዎቹ ቤት ትተውት በተቀደደ ጫማ ወይም በባዶ እግራቸው መሄድን መረጡ። በሐኪም ዓይን ይህ ስንፍና ነው፤ የዚያን ሰው ገበያ መግባት ለሚያስብ ግን በጣም የሚገባ ምርጫ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአለርት ሰዎች በገጠር ተራውን የሸራ ጫማ ሞከሩ። ዋጋው ረከሰ፣ ለብዙዎቹም እግር በቂ ሆኖ ተገኘ፣ ሰዎቹም ወደዱት። ማንም ተማሪ፣ ማንም ወዛደር የሚያደርገው ጫማ ነው። አስፋልቱ ላይ ከሌላው ጋር ሲሄድ የማን እግር እንደሚሰማና የማን እንደማይሰማ አይለይም።