በ1900 ዓ.ም. የተጻፉ ሁለት ወረቀቶች እና የቤታችን ቡና ማፍያ

«ለቤት የሚሆን ቡና ማፍያ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ጀበና አለ። ጣሊያኖች ሞካ የሚሉት የአሉሚኒየም ማፍያ አለ። በወረቀት የሚያጠል አለ። ፍሬንች ፕሬስ የሚባለው፣ አተላውን ወደ ታች የሚጫነውም አለ። ዋጋ አወዳድሮ አንዱን ማንሳት ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ የሠራው ሰው አለ። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ስለ ራሳችን ደስ የማይል ነገር ይነግረናል።

ከ1900 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት ሰኔ 13 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1908) በርሊን የሚገኘው የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት አንዲት የቤት እመቤት ያቀረበችውን ሥራ መዘገበ። ሴትዮዋ ሜሊታ ቤንትዝ ትባላለች፤ የድሬስደን ነዋሪ ነበረች። አተላው ከሲኒው ሥር የሚቀረውና መራራው ቡና አስመርሯት የናስ ዕቃ ሥሩን በምስማር በሳችው። ከልጇ ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ በውስጡ አነጠፈች፤ የተፈጨውን ቡና ጨመረችበትና ፍል ውኃ አፈሰሰችበት። ከሥር የወረደው ቡና ጥርት ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 መጨረሻ ድርጅቷን ስታስመዘግብ ካፒታሏ 73 ፕፌኒግ፣ ማለትም አንድ ማርክ እንኳ የማይሞላ ነበር። ዛሬ ከመቶ ዓመት በኋላም ስሟ በወረቀት ማጥለያው ማሸጊያ ላይ ታትሞ ይሸጣል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይም አንድ ወረቀት ተጽፎ ነበር። ዓፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በሙያው እየተናቀ አገር እንደማይለማ ንጉሡ ገብቷቸው ነበር። የበርሊኑ ወረቀት ለሠሪዋ ስምና ገቢ ሰጣት። የአዲስ አበባው ወረቀት ደግሞ ከሠሪው ላይ ስድቡን ሊያነሳ ሞከረ። አዋጁ አለፈ፤ ስድቡ ግን ቀረ።

ይህ ከቡና ማፍያ ጋር ምን አገናኘው? ጀበናን የሚሠራው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ሸክላ ሥራ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሴቶች ሙያ ነው። አፈሩን የምትቆፍረው፣ የምታቦካው፣ በእጇ የምትቀርጸውና በእሳት የምታበስለው ሴት ናት። ለብዙ ዘመን ርስት የተነፈገው ወገን ኑሮውን በዚህ ሥራ ሲገፋ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ገንቦውንና ጀበናውን እየገዛ «ቡዳ» ይለው ነበር። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። የሠሯቸው ዕቃዎች በየቤቱ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ የማናቸውንም ስም ግን አናውቅም።

ጀበናው እኮ የተናቀ ሰው ተራ ሥራ አይደለም። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነው በምክንያት ነው። ሰፊው ሆድ እሳቱን ይቀበላል። ከምድጃ ወርዶ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ አተላው እዚያው ሆዱ ውስጥ ይዘቅጣል። ቀጭኑ አንገት ቡናው በዝግታ እንዲወርድ ያደርጋል። በሰሜን ደግሞ የራሱ አፍንጫ የሌለው ጀበና አለ፤ ቡናው በአንገቱ ይቀዳል፣ አፉ ላይ የሚወተፈው ጭረት አተላውን ይይዛል። ሜሊታ በወረቀት የፈታችውን ችግር የኛዋ ሸክላ ሠሪ በቅርጽ ፈትታዋለች። በዚያ ላይ አንዱ ዱቄት ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ጀበናን «የጥንት ባህላችን» እያልን ስንኮራበትም አንድ ነገር እንረሳለን። የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሙስሊሙና የኦሮሞው መጠጥ ነው ብሎ ለረጅም ዘመን ሲርቀው ኖሯል። በሰፊው የለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ዛሬ የሁላችን የምንለው ጀበና አንድ ጊዜ የተናቀ መጠጥ የሚፈላበት፣ የተናቀ እጅ የሠራው ዕቃ ነበር። መጠጡን ከንቀት አውጥተነዋል። እጁን ግን ገና አላወጣነውም።

አሁን ወደ ሞካው እንሂድ፤ እርሱም ከኛ ታሪክ ጋር ይነካካል። አልፎንሶ ቢያሌቲ የሚባል ጣሊያናዊ የአሉሚኒየም ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1933 ሞካን አወጣ። ሥሩ ያለው ውኃ ሲፈላ እንፋሎቱ ውኃውን በዱቄቱ ውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ስላልጨመረ ወረራውን አላቆመም። ፋሽስቶቹ ግን «ራሳችንን እንቻል» የሚለውን ዘመቻ አጠናከሩ። ጣሊያን የአሉሚኒየም ማዕድን በአገሯ ስለነበራት አሉሚኒየም የብሔራዊ ኩራት ብረት ተደረገ። ከውጭ የሚገባው ቡና ግን እያጠረ ሄዶ ሕዝቡ የተቆላ ገብስ እስከ መጠጣት ደረሰ። ሞካ በየጣሊያኑ ቤት የገባው ከጦርነቱ በኋላ፣ ልጁ ሬናቶ በማስታወቂያ ሲያስተዋውቀው ነው። ሬናቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት አመዱ በሞካ ቅርጽ በተሠራ ዕቃ ተቀበረ። ሠሪው በዕቃው እስከ መቃብሩ ኮራ።

ይህን ያነሳሁት ሞካችሁን ጣሉ ለማለት አይደለም። ዕቃ የሚመረጠው በሥራው ነው። ጠዋት ብቻውን ጠጥቶ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው የወረቀት ማጥለያ ይበቃዋል፤ ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ገደማ ቡና፣ መካከለኛ አፈጫጨት። ወረቀቱ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውን የቡና ቅባት ስለሚያስቀር ሐኪም ለከለከለው ሰውም ይሻላል። ወፍራምና ጠንካራ ቡና የሚወድ ሞካ ይውሰድ፤ ደቀቅ ያለ ዱቄት ይፈልጋል፣ እሳቱ ግን ቀስ ያለ ይሁን። ፍሬንች ፕሬስ ሻካራ አፈጫጨት ይፈልጋል፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ምቹ ነው። ጎረቤት የሚጠራ ቤት ግን ከጀበና ሌላ ምን ያደርጋል? የቀሩት ለሲኒ የተሠሩ ናቸው፤ ጀበና ለሰው ነው የተሠራው።

ጀበና የመረጠ ሰው ታዲያ አንድ ነገር ይጨምር፤ የሠራችውን ይጠይቅ። ባለ ካፌው፣ ለውጭ ገበያ የሚልከው፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ ሁሉ የጀበናዋን ሠሪ ስምና መንደር ከዕቃው ጋር ቢጽፍ ወጪው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ቡናችንን ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳማ ብለን በስሙ ለማስጠራት መንግሥታችን ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ተከራክሯል፤ ትክክልም ነበር። የቡናውን መንደር በስሙ ጥሩ ብለን ዓለምን የጠየቅን ሰዎች የጀበናዋን ሠሪ ስም አለማወቃችን ግን ያሳፍራል።

የበርሊኑ ወረቀት ሥራውን ጨርሷል። የምኒልክ ወረቀት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ገና ፈጻሚ ይጠብቃል።