ኩራዝን ማን ያስቀምጣል?

ለዚህ ኢዮቤልዩ ከየቤቱ የቆየ ዕቃ ይምጣ ሲባል ብዙዎቻችን ሞሰብና ጀበና ይዘን ቀረብን። አንዲት እናት ግን ጥላሸት የለበሰች ኩራዝ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። «ይህ ደግሞ ምኑ ይቀመጣል?» ብለው ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በአሜሪካ የጥንት መብራት የሚሰበስቡ ሰዎች በዓሣ ነባሪ ዘይት ይነዱ የነበሩትን መብራቶች ፈልገው ይገዛሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ዘይት መያዣ፣ ክዳኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት አጭር ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የጥጥ ክር። ብርጭቆ የላቸውም። ታዲያ ኩራዛችን ከእነዚህ በምን ተለየ? በነዳጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ላምባ ረክሶ የዓሣ ነባሪውን ዘይት ከገበያ አስወጣው። በፋኖሱ የታወቀው ዲዬትዝም እ.ኤ.አ. በ1840 ሥራ ሲጀምር ገና የዘመኑ መብራት የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር።

ላምባ አገራችን ሳይገባ ብርሃናችን የምድጃ እሳት፣ ችቦና ጧፍ ነበር። ጧፍ የጠጅ ዘመድ ነው፤ ጠጅ ሲጣራ የሚቀረው ሰፈፍ ይቀልጥና ሰሙ ተለይቶ የጥጥ ፈትል ይነከርበታል። ስለዚህ ሰም የሚተርፈው ጠጅ በሚጣልበት ቤት ነው፤ ድሃው ምድጃው ሲጠፋ ይተኛል። ለእሱ ምሽቱን ያራዘሙለት ላምባና ባዶ ቆርቆሮ ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኤሌክትሪክ ቢያገኝም፣ ናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ1908 የመብራት ፈቃድ ቢሰጥላትም፣ ገጠሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያመሸው በኩራዝ ነው። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ይህችኑ ዕቃ ኮሮቦይ ይሏታል። በደርግ ዘመን የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም ይህን ስም መያዙ አያስገርምም፤ ስንቱ ፊደል የቆጠረው በእሷ ነው! (ጭሷ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ስትገለበጥም ቤት እንደምታነድ አልረሳሁም።)

ኩራዝ የተሠራችበት ዓመት አይጻፍባትም። የሚመሰክረው ቆርቆሮው ነው። እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ባለ ቦታ አሮጌ ጣሳ ተቆርጦ ሲበየድ የቀድሞው ጽሑፍ አንዳንዴ ከታች ይቀራል። የእኚያ እናት ኩራዝ ስትገለበጥ የወተት ዱቄት ጣሳ ግማሽ ስም ይነበባል፤ «ልጆቼ የተማሩባት ናት» አሉን።

የእናቴን ኩራዝ ሰፈራችን መብራት የገባ ዕለት ወደ ቆሻሻ የወረወርኳት እኔ ነኝ። ቤታችሁ አንዲት ካለች ጥላሸቷን በአሸዋ አትሹት፤ ከታች ያለው ጽሑፍ ይጠፋል። የማን እንደነበረችና ከየት እንደመጣች በብጣሽ ወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ።