በክረምት ዕረፍት ልጆችን ይዞ ከምጽዋ ወጣ ማለት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የወላጅ ሐሳብ ይከፈታል። ልጁን ወዴት ልውሰደው? ምን ላሳየው? ቀኑን በምን ልፈጽምለት? እያለ የማይጨነቅ አባት፥ የማትጨነቅም እናት የለችም። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የቀለለ ይመስለዋል። ባሕሩ በደጁ ነውና፥ ልጁን ወደ ውኃው ለቆ እርሱ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። መታጠቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ልጅ ባሕሩን ብቻ አይቶ የባሕሩን ዳርቻ ታሪክ ሳያውቅ ቢያድግ፥ የተወለደበት አገር ለእርሱ አሸዋና ውኃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ምጽዋን ምሳሌ አድርገን፥ በአንድ ቀን ተሂዶ የሚመለስባቸውን የታሪክ ሥፍራዎች በአጭሩ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አየሩ እንናገር። በደጋው አገር ክረምት ማለት ዝናብ፥ ጭቃና ብርድ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምጽዋ ያላት ጥቂት ዝናብ የሚዘንበው ደጋው በጋ በሚሆንበት ወራት ሲሆን፥ ሐምሌና ነሐሴ ለእርስዋ የእሳት ወራት ናቸው። የቀትሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ በዚያ አገር ልጆችን ይዞ የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከፀሐይ ጋር መዋዋል አለበት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፥ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ወደ ጥላ መመለስ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከሚያስፈልገው በላይ ውኃ መያዝ፤ ራስን መሸፈን፤ ብዙ ጦርነት ያለፈበት አገር ነውና ከተረገጠው መንገድ አለመውጣት፤ ይህ ሁሉ ግድ ነው። ሩቁን ሥፍራ ለቀዝቃዛው ወራት አቆይቶ፥ በክረምት ቅርብ ቅርቡን ማየት የብልህ ሰው ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለራስዋ ለከተማይቱ ይሁን። ምጽዋ በደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ያለበትን ደሴት ከጥዋለት ደሴት ጋር፥ ጥዋለትን ደግሞ ከየብሱ ጋር የሚያገናኙት በባሕር ላይ የተሠሩ መንገዶች በግብፆች ዘመን፥ በቬርነር ሙንዚንገር አስተዳደር ጊዜ የተጀመሩ ናቸው። የአሮጌዎቹ ቤቶች ግንብ ከባሕር ውስጥ ከወጣ የዛጎል ድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ልጁ በእጁ ቢዳስሰው የባሕር ፍጥረት ምልክት ያገኝበታል። ኦቶማን ቱርኮች በ1557፥ ግብፆች በ1865፥ ኢጣሊያኖች በ1885፥ እንግሊዞች በ1941 ገብተውባታል። በወደቡ አጠገብ የሚገኘው የሰሓባ መስጊድ፥ በትውፊት እንደሚነገረው፥ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በ7ኛው መቶ ዓመት ከዐረብ አገር ተሰደው በመጡ ጊዜ ያረፉበት ሥፍራ ነው። በጥዋለት ያለው ቤተ መንግሥት ደግሞ በ1990 በተደረገው ጦርነት ክፉኛ ተጐድቷል። ልጁ የፈረሰውን ጉልላት አይቶ «ይህን ማን አፈረሰው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አባት ወንድማማቾች ሲዋጉ የሚፈርሰው የጋራ ቤት መሆኑን ሳይሸሽግ ይንገረው። ምጽዋ ከ1993 ጀምሮ ነጻ መንግሥት የሆነችው የኤርትራ ወደብ ናት፤ ታሪክዋ ግን ድንበር ሳይለይ ብዙ ሕዝብ የሚካፈለው ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ እምኩሉ ነው። እምኩሉ ከከተማይቱ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ደሴቲቱ የሚጠጣ ምንጭ ስላልነበራት፥ የምጽዋ ሰው ውኃ የሚቀዳው ከዚህና ከአጠገቡ ከሕጥምሎ ጕድጓዶች ነበር። ነገር ግን እምኩሉን ለልጆች ተወዳጅ ሊያደርጋት የሚገባ ሌላ ታሪክ አለ። በኢሉባቦር በኩል ሒካ የሚባል ሕፃን ከእናቱ እጅ ተነጥቆ፥ በባሪያ ነጋዴዎች ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፥ በመጨረሻ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ የስዊድን ሚሲዮናውያንም ተቀብለው አስተማሩት። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ልጅ አድጎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። አዲስ ኪዳኑ በ1893 በዚያው በእምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ አገር ታትሞ ወጣ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖ ደግሞ እርስዋም ከባርነት ነጻ የወጣች ልጃገረድ ነበረች። ሒካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። እናትና አባቱ የሰጡትን ስም ባሪያ ነጋዴዎች ሊወስዱበት አልቻሉም፤ ሥራው ስሙን አስመሰከረለት። ትምህርት ሰለቸኝ የሚል ልጅ ቢኖር፥ በእምኩሉ ጥላ አስቀምጦ ይህን ታሪክ መንገር ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ሦስተኛው ጉዞ ወደ ዶጋሊ ነው። ዶጋሊ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ፥ ከምጽዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በ1887 በጥር ወር፥ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ ራስ አሉላ ወደ ሰሓጢ ምሽግ እርዳታ ይዞ ይሄድ የነበረውን፥ በኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን 500 ያህል የኢጣሊያ ጦር በዚህ ሥፍራ ከበው ደመሰሱት። ከመካከላቸው ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ሮማ የሚሄድ ሰው በትልቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስቱ መቶዎች አደባባይ» ተብሎ መጠራቱን ያገኛል፤ ስሙ የተሰጠው በዶጋሊ ለሞቱት መታሰቢያ ነው። በዚህ ቦታ ልጆችን ስለ ድል ብቻ ማስተማር አይበቃም። የራስ አሉላ ወታደሮችም ብዙዎች በዚያ ወድቀዋል፤ ስማቸው ግን በአንድም አደባባይ አልተጻፈም። «የእኛዎቹን ስም ማን ይጽፋል?» የሚለውን ጥያቄ ልጁ ይዞት ቢመለስ ጉዞው ፍሬ አፍርቷል።

ልጆች እጅግ የሚወዱት የባቡሩ ሐዲድ ደግሞ በዚሁ መንገድ ያልፋል። ኢጣሊያኖች ከዶጋሊ ሽንፈት በኋላ ጦራቸውን ፈጥኖ የሚያደርስ መንገድ ፈልገው፥ በ1888 ሐዲዱን እስከ ሰሓጢ አደረሱ። ቀጥሎም በ1904 ጊንዳዕ፥ በ1911 አሥመራ ደረሰ። ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። የ1970ዎቹ ጦርነት አቋረጠው፤ በ1994 እንደ ገና ሊጠገን ሲጀመር፥ ሥራውን የሚያውቁ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ተጠርተው ወጣቶችን እያስተማሩ ሐዲዱን መልሰው ዘረጉት። በ2003 እስከ አሥመራ ደረሰ። ይህም ዕውቀት ከሽማግሌ ወደ ልጅ ካልተላለፈ ብረቱ ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ያሳያል። የባቡር ጉዞ ባይገኝም፥ በመኪና እስከ ጊንዳዕ ወጥቶ ነፋሻውን አየር መቀበል ለክረምት ቀን መልካም ነው።

የመጨረሻው ወደ ዙላ የሚደረገው ጉዞ ነው። ይህ ከምጽዋ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ሜዳው ጥላ የሌለው ስለ ሆነ፥ ለኅዳርና ለጥር ቢቆይ ይሻላል፤ ታሪኩን ግን በክረምት ምሽት በቤት መጀመር ይቻላል። ጥንታዊቱ የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ በዚያ ነበረች። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረ አንድ የግሪክ መርከበኛ፥ ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ ሦስት ቀን፥ ከዚያ እስከ አክሱም አምስት ቀን መንገድ መሆኑን፥ የዝሆን ጥርስም ከዚያ ይጫን እንደ ነበር ጽፏል። በ6ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ፥ በንጉሥ ካሌብ ዘመን በአዱሊስ የቆመውን የድንጋይ ዙፋንና ጽሑፉን አይቶ ገለበጠው። ዛሬ ድንጋዩ ጠፍቷል፤ የኮስማስ ግልባጭ ግን ይኸው እስካሁን ይነበባል። እንግዲህ ልጅ ወደ ጉዞ ሲወጣ ደብተርና እርሳስ እንዲይዝ የምንመክረው በከንቱ አይደለም።

በዚሁ በዙላ ባሕር ዳርቻ በ1868 የጄኔራል ናፒዬር ጦር ወርዶ፥ ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች አራግፎ ወደ መቅደላ ዘመተ። ሲመለስም የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ፥ የ7 ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን፥ ከዚህ ዳርቻ በመርከብ ወሰደው። አባቱ በመቅደላ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐርፈዋል። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ አገሩን ዳግመኛ አላየም። አንዱ ልጅ ባሪያ ሆኖ ወደዚህ ዳርቻ መጥቶ ነጻነትና ትምህርት አገኘ፤ ሌላው የንጉሥ ልጅ ሆኖ ከዚህ ዳርቻ ሄዶ በሰው አገር ቀረ። ሁለቱም የእኛ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱንም ይዞአቸው የሚሄድ አባት በአጠገባቸው አልነበረም።

አድማጮች ሆይ፤ ከእናትና ከአባቱ ጋር ማልዶ ወጥቶ፥ አይቶና ጠይቆ፥ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ታላቅ ዕድል ያለው ልጅ ነው። ይህን ዕድል ለመስጠት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማልዶ መነሣት፥ አንድ እንስራ ውኃ፥ ጥቂት ስንቅና ከጕዞው በፊት አንድ ምሽት ታሪኩን ማጥናት ይበቃል። ምጽዋን ምሳሌ አደረግን እንጂ፥ በባሕር ወይም በሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ሁሉ በየአቅጣጫው የራሱ እምኩሉና የራሱ ዶጋሊ አለው። እርሱን ፈልጎ ለልጁ ማሳየት የወላጅ ፈንታ ነው።