ስለ አገው ምድር ፈረሰኞችና ስለ ከተማ ማቅናት

ነህምያ የኢየሩሳሌምን የፈረሰ ቅጥር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ለአንድ አለቃ አልሰጠም፤ ለብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል አከፈላቸው እንጂ። ካህኑም፥ አንጥረኛውም፥ ሽቱ ቀማሚውም፥ ነጋዴውም በየድርሻው ሠራ። የቴቁሓውያን ታላላቆች ብቻ አንገታቸውን ለሥራ ዝቅ እንዳላደረጉ መጽሐፉ ሳይነግረን አላለፈም፤ ይህም ነቀፋ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የአገው ምድርን ሁለት ከተሞች፥ ዳንግላንና እንጅባራን፥ ቢመለከት ከተማ በማን እጅ እንደሚቀና የሚያስተውልበት ነገር አያጣም።

አገሩ ከጥንት ጀምሮ የሚያፈራ አገር ነው። በአባቶች ትውፊት ከሰባት ወንድማማቾች የተገኙ የሚባሉት አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም በአንድነት ሰባት ቤት አገው ይባላሉ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የሄደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ ጎንደር ከብቱን፥ ቅቤውን፥ ማሩንና ሰሙን ከአገው እንደምታገኝ ጽፏል። እንግዲህ የአገው ገበሬ ነገሥታቱ የተቀመጡባትን ከተማ ሲመግብ ኖሯል፤ ለራሱ ከተማ ግን ጊዜው ገና ነበረ።

የዳንግላ ስም በውጭ አገር የተሰማው በእንግሊዝ ቈንስላ ምክንያት ነው። ሜጀር ቺዝማን የተባለው ቈንስል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ተቀምጦ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ወንዝ ሸለቆ እየዞረ መረመረ፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ። ሰውዬው ትጉህ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን የላከው መንግሥት ዓይኑ በጣና ውኃ ላይ ነበረ እንጂ በዳንግላ ገበያ ላይ አልነበረም። ከእርሱ በኋላ ጣሊያን መጥቶ በዳንግላ ጦር አሰፈረ፤ የዚያም አሳብ ከተማይቱን ማልማት ሳይሆን አገሩን መጠበቅ ነበረ። ዛሬ ቈንስላውም የለም፥ የጦር ሰፈሩም የለም። ገበያው ግን አለ፤ ገበያውን ያቆመው ከየመንደሩ እህሉን ጭኖ የሚመጣው ሕዝብ ነውና።

የእንጅባራ ነገር የሚያስደንቀው በዘመኑ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጠላት ገና አልወጣም ነበር። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት ከሱዳን ተሻግሮ የገባው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በኦሜድላ በኩል የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያንም ጦር ዳንግላንና እንጅባራን የለቀቀው ከዚያ በኋላ በየካቲት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ማኅበሩን ያቆመው መንግሥት ተመልሶ እስኪያዝዘው ሳይጠብቅ፥ ባዕድ በራሱ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።

የማኅበሩ በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ዕለት ይከበራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን፥ በዚሁ ሰማዕት ዕለት ነው፤ ማኅበሩም ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል። ሰውን ብቻ ሳይሆን ፈረሱንም ማሰቡ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው። በዕለቱ ከየወረዳው የሚወጣው ፈረሰኛ ኮርቻውን አስጊጦ፥ ልጓሙን አሳምሮ፥ በጉግስና በግልቢያ አደባባዩን ይሞላዋል። በማግሥቱ ግን ያው ፈረስ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጭነት ይሸከማል፥ ሙሽራ ያጅባል፥ በለቅሶም ይቆማል። አባላቱ እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ ሽማግሌዎቹም የተጣላውን ያስታርቃሉ። ይህ ሁሉ በከተማ ሰው ዘንድ ዕድር፥ በደብር ዘንድ ሰንበቴ ከሚሠራው ሥራ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ መዋጮው ከገንዘብ በፊት ፈረስ መሆኑ ነው።

ማኅበሩ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። በዓሉም በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ ይደከማል፤ እንግዳው ይበዛል፥ የእንጅባራም ቤተ እንግዳ በዚያ ሰሞን ይሞላል። መልካም ነው። ነገር ግን ለተመልካች ብቻ የሚጋለብ ፈረስ ውሎ አድሮ ጌጥ ብቻ ይሆናል። የግጦሹ መሬት እየታረሰ ነው፤ በከተማው መንገድ ፈረሱ ይሸከመው የነበረውን ባጃጅ ይሸከመዋል። ፈረስ የሌለው ጎልማሳ በዓሉን ከዳር ቆሞ ካየ በኋላ በማኅበሩ ውስጥ ምን ድርሻ ይኖረዋል? ይህን ያህል ሰው በየወረዳው በአለቃና በሽማግሌ ተሰልፎ የሚገኝበት ሌላ ሥርዓት በአገሩ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ለአደባባይ፥ የቀረውን ጊዜ ምንጭ ለማጐልበት፥ ድልድይ ለመጠገን፥ የተራቈተ ኮረብታ ለማልበስ ቢሰለፍ ከጥንት ልማዱ አይወጣም። ካህናቱም በዚህ ጊዜ በቡራኬ ብቻ ተወስነው ከቴቁሓውያን ታላላቆች እንዳይቈጠሩ ያስፈልጋል።

ሌላም የሚጣደፍ ሥራ አለ። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በከተማውም የሚጽፍ እጅ ሞልቷል። የነህምያ መጽሐፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር የስም ዝርዝር ነው፤ ማን ከማን ቀጥሎ የትኛውን በር እንደ ሠራ ይናገራል፤ የሰነፈውንም ሳይቀር። በ1932 ዓ.ም. ፈረስ ይጠብቅ የነበረ ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ከዘጠና ዓመት ያለፈ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ፈረሰኞች ስም፥ የፈረሶቻቸውንም ስም፥ ከአፉ ሰምቶ ለመጻፍ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።